የጎረቤቴን ኃጢአት ሳልቆጥር

ንስሐ አባት ፊት የጎረቤት ኃጢአት አይቆጠርም። ተናዛዡ «እሱ እኮ ነው ያናደደኝ» ብሎ ቢጀምር፣ አባ እስኪጨርስ ሰምተው «አንተስ ልጄ?» ይሉታል። እኔ የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ተምሬ በአማካሪ መሐንዲስነት የምሠራ ሰው ነኝ። ስለ ፕሮጀክት መዘግየት የተጻፉ ጥናቶችን አነባለሁ፤ አልፎ አልፎም አስተምራለሁ። በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ይህንኑ «አንተስ?» ነው። ስለዚህ ዛሬ ራሴን ልጠይቅ ተቀምጫለሁ።

ግንባታ ለምን ይዘገያል የሚለው ጥያቄ በሙያችን የሚጠናበት የታወቀ መንገድ አለው። ተመራማሪው ከቀደሙ ጽሑፎች የምክንያት ዝርዝር ያሰባስባል፤ መጠይቅ አዘጋጅቶ ለአሠሪ፣ ለአማካሪና ለተቋራጭ ይበትናል። መላሹ ለእያንዳንዱ ምክንያት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ በቀመር ይሰላና ምክንያቶቹ በደረጃ ይሰለፋሉ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም በዚህ መንገድ የተሠሩ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ግን አሳፍና አል-ሄጂ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በሳዑዲ አረቢያ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ያሳተሙት ጥናት ነው። 73 የመዘግየት ምክንያቶችን ለይተዋል። ሦስቱም ወገኖች አንድ ላይ የመሰከሩበት ምክንያት በሥራ መካከል የሚመጣ የለውጥ ትዕዛዝ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዳቸው ይለያያል። አሠሪውና አማካሪው በአነስተኛ ዋጋ ብቻ ጨረታ የሚያሸንፈውን ተቋራጭ ያነሳሉ፤ ተቋራጩ ደግሞ ከባድ ከባዱ ምክንያት ያለው አሠሪው ቤት ነው ይላል።

ማንም አልዋሸም። ሁሉም ያየውን ተናገረ፤ ሰው ደግሞ በደንብ የሚያየው የሌላውን ነው። እኔም እንዲህ ያለ መጠይቅ ሲደርሰኝ «የአማካሪው ውሳኔ መዘግየት» ከሚለው መስመር ስደርስ እጄ ወደ 2 ይሄዳል፤ «የተቋራጩ የገንዘብ እጥረት» ላይ ስደርስ ወደ 5። አስቤበት አይደለም። የራሴ ጉዳይ ሲሆን ነገሩ ከነምክንያቱ ይታየኛል፤ የሌላው ሲሆን ውጤቱ ብቻ ነው የሚታየኝ። መጠይቁን አጥፌ ስመልስ ግን ለሳይንስ አስተዋጽኦ ያደረግኩ ይመስለኛል፤ ቁጥሬም ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተደምሮ ሠንጠረዥ ይሆናል።

እንግዲህ የራሴን ልናገር። የመጀመሪያው ስለ አንድ ባዶ ቦታ ነው። የጨረታ ሰነድ ስናዘጋጅ የውሉ ጊዜ የሚሞላበት መስመር አለ። እዚያ የሚገባውን ቁጥር ብዙውን ጊዜ አሠሪው ቀድሞ ተናግሮታል፤ በበጀት ጥያቄው ላይ ጽፎታል፣ ለበላይ ኃላፊም ቃል ገብቶበታል። 18 ወር ብሏል እንበል። ተመሳሳይ ሕንፃዎች በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ደረጃ ባሉ ተቋራጮች ሲሠሩ ምን ያህል እንደፈጁ አይቻለሁና 18 ወር እንደማይበቃ አውቃለሁ። ሰነዱ ግን 18 ወር ተብሎ ይታተማል።

ዴንማርካዊው ቤንት ፍሊቭቢየር ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት በ20 አገሮች የተሠሩ 258 የትራንስፖርት መሠረተ ልማት ፕሮጀክቶችን መርምሯል። ከ10 ፕሮጀክት 9ኙ ከተገመተለት ወጪ በላይ ወስዷል። በአማካይ የባቡር ፕሮጀክቶች 45 በመቶ፣ ድልድይና ዋሻ 34 በመቶ፣ መንገድ 20 በመቶ አልፈዋል። ጥናቱ በሸፈናቸው 70 ዓመታት ደግሞ ግምቱ ምንም አልተሻሻለም። የጥናቱ ርእስ ራሱ ጥያቄውን አይሸሽም፤ ይህ ስህተት ነው ወይስ ውሸት? ይላል። መከራከሪያው ቀላል ነው። ስህተት ቢሆን ኖሮ አንዳንዴ ወደ ላይ አንዳንዴ ወደ ታች ይስት ነበር፤ በ70 ዓመትም ሰው ይማር ነበር። ሁሌ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ግምት ግን ፕሮጀክቱን ለማስጸደቅ የተፈለገ ግምት ነው። ስለዚህ ፍርዱ ወደ ውሸት አደላ።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ሲድኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ1957 በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል የተባለው የኦፔራ ቤት በ1973 ሲመረቅ 102 ሚሊዮን ፈጅቶ እንደነበር ሳስብ፣ የእኛ ብቻ አይደለም ብዬ ተጽናናሁ። ውሎ ሲያድር ግን ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። 18 ወር ብዬ ስጽፍ ተሳስቼ ነው ወይስ ዋሽቼ?

ልቤን ስመረምረው ተስፋ አገኝበታለሁ። ካህነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉበት ድክመት፣ ያለፈው ሁሉ ዘግይቶም ሳለ የአሁኑ በጊዜው ያልቃል ብሎ ማሰብ፣ እኔም ጋ አለ። ይሉኝታም አለ። አሠሪው በሰው ፊት የተናገረውን ቁጥር «አይሆንም» ማለት እሱን ማሳጣት ይመስለኛል። ከዚህ ሁሉ በታች ግን ስሌት አለ፤ 30 ወር ብዬ ብጽፍ ፕሮጀክቱ ላይጸድቅ ይችላል፣ የሚቀጥለው የማማከር ሥራም 18 ወር ለሚል ሌላ ቢሮ ሊሄድ ይችላል። ስህተት ብዬ ብጠራው ራሴን ማባበል ይሆናል፤ የማያውቅ ሰው ነው የሚሳሳተው። ውሸት እንዳልለው ደግሞ ቁጥሩን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። አውቄ ያሳለፍኩት ነገር ነው። አውቆ ማሳለፍ ምን ተብሎ እንደሚዳኝ ከእኔ ይልቅ ንስሐ አባቴ ያውቃሉ።

መድኃኒቱ ተጽፏል። ለአዲሱ ፕሮጀክት ከባዶ ከመገመት፣ የተጠናቀቁ ተመሳሳይ ፕሮጀክቶች የወሰዱትን እውነተኛ ጊዜና ወጪ ሰብስቦ ከዚያ መነሳት ነው። ይህ የሚሆነው ግን የተጠናቀቀው ፕሮጀክት እውነተኛ ቁጥር የሚገኝ ከሆነ ነው። በግንባታ ዘርፍ መረጃ ይፋ እንዲሆን የሚሠራው ኮስት የተባለው ዓለም አቀፍ ጅምር እ.ኤ.አ. በ2008 መሞከር ሲጀምር ኢትዮጵያ ከሙከራ አገሮቹ አንዷ ነበረች። ጥማቱ አለ ማለት ነው። በየቢሮው ግን የመጨረሻው ርክክብ እንዳለቀ ፋይሉ ታስሮ መጋዘን ይገባል። የተወደደ ፕሮጀክት ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይከብዳል። የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከደስታው ጋር አብሮ «መጀመሪያ የታሰበው ጊዜ በምን ስሌት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ለሚቀጥለው ግድብ የሚበጅ ሙያዊ ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን ጠላት እንዳልመስል ፈርቼ ለባልደረቦቼም አንስቼው አላውቅም።

ሁለተኛው ስለ ፊርማ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነው።

የሶሌታ ካስቲንግ፣ ማለትም የፎቅ ወለል አርማታ ሙሊት፣ ባለበት ቀን ሳይት ላይ ገና በጠዋት የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። ሚክሰሩ ተደቅኗል፤ አሸዋና ጠጠሩ ከጎኑ ተከምሯል፤ ሲሚንቶው ከመጋዘን ወጥቶ ሸራ ለብሷል። ለዚያ ቀን ብቻ የተቀጠሩት የቀን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ባሬላውን ይዘው ቆመዋል። ፎርማኑ ቫይብሬተሩን ሞክሮ አጥፍቶታል። አርማታው እንዲፈስ የቀረው የእኔ ፍተሻ ብቻ ነው። ወጥቼ የፌሮውን ርቀት እለካለሁ፤ ፌሮውን የሚያቅፈውን ስታፋ እቆጥራለሁ፤ ከሥር ያለው ስፔሰር መኖሩን አያለሁ። ከአንዱ ኮለን አናት ላይ ቢሞቹ የሚገናኙበት ቦታ ፌሮው ተጨናንቆ ጣት አያስገባም። አርማታው እንዳለ ቢፈስ ጠጠሩ ላይ ይቀራል፤ ከሥር ባዶ ይፈጠራል። ዲዛይኑ ይህን አላሰበውም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለዚያች ቦታ በደቃቅ ጠጠር የተቦካ አርማታ ማዘዝ፣ ከፌሮዎቹ ጥቂቱን ደንቡ በሚፈቅደው መጠን ገፋ ማድረግ፣ ያደረግነውን በሳይት መዝገብ ላይ ጽፎ መፈረም። እውቀቱም ሥልጣኑም አለኝ። ከአፌ የሚወጣው ግን «በደብዳቤ ጠይቁን» የሚል ነው። ደብዳቤው ይጻፋል፤ ዲዛይን ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያ ይመለሳል። ሴቶቹ ባሬላውን አስቀምጠው በር ላይ ተሰብስበው የግማሽ ቀን ሒሳብ ይከፈላቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ለምን እንዲህ እላለሁ? ከወሰንኩ ፊርማዬ አለበት። ነገ ኦዲተር ቢመጣ ከዲዛይኑ ለምን ወጣህ የምባለው እኔ ነኝ። ደብዳቤ አስጽፎ ደብዳቤ የጠበቀ ሰው ግን አይጠየቅም። ባልተወሰነ ውሳኔ የተቀጣ መሐንዲስ አላየሁም፤ በወሰነው የተጠየቀ ግን አይቻለሁ። ይህ ሰበብ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ግማሹ ሰበብ ነው፤ ግማሹ ግን የመሥሪያ ቤቶቻችን እውነት ነው። ውሳኔ ላይ ቅጣት፣ መዘግየት ላይ ዝምታ ያለበት አሠራር እንደ እኔ ያለ ጥንቁቅ ሰው ያበዛል። በምዘና ወረቀት ላይም «ጠንቃቃ» ተብሎ ይጻፍልኛል።

ፊንላንዳዊው ላውሪ ኮስኬላ እ.ኤ.አ. በ1992 ስታንፎርድ ሳለ በጻፈው ሪፖርት የግንባታ አመራር ሥራውን ብቻ እንጂ በሥራና በሥራ መካከል ያለውን አያይም ብሎ ተከራክሯል። ዕቃ ይጓዛል፣ ይጠብቃል፣ ይፈተሻል፤ ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ይበላል፤ ዕቅዱ ላይ ግን የለም። እውነቱን ነው። በግድግዳችን ላይ በተለጠፈው የጊዜ ሰሌዳ «የ3ኛ ፎቅ ሶሌታ» አንድ ረጅም መስመር ነው። የእኔ ደብዳቤ የሚዞርበት ጊዜ የትም አልተሰመረም። ሰሌዳውን የምወደው በዚህም ይመስለኛል፤ እኔን አያሳይም።

ሰሌዳው የማያሳየው ሌላም አለ፤ ሰኔ። ስለ እሱ ግን ብዙ አልልም፤ የመንግሥት ፕሮጀክት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። በሰኔ ገንዘቡ እንዳይመለስ የክፍያ ሰርተፊኬት ይጣደፋል፤ አዲሱ በጀት ሲለቀቅ ደግሞ ክረምት ነው፤ ሳይት ርክክብ ተደርጎ መሠረት ሲቆፈር ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል። ይህን የቀን መቁጠሪያ ያወጣው ተቋራጩ አይደለም። ቢሆንም በወርሃዊ ሪፖርቴ ላይ «የተቋራጩ አፈጻጸም ዝቅተኛ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የምጽፈው ብዙ ጊዜ በነሐሴ ነው።

ሦስተኛው ስለ ጆሮዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃውል የተባሉ አሜሪካውያን በሳይት ላይ አንድ ቀላል ነገር ቆጠሩ። ለዚህ ሳምንት ይሠራል ተብሎ ቃል ከተገባው ሥራ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቱ አለቀ? ውጤቱ ከግማሽ ብዙም የሚርቅ አልነበረም። ይህም በደህና ኩባንያዎች፣ በበቁ ባለሙያዎች እየተመራ ነው። ባላርድ ከዚህ ተነስቶ ያበጀው የአሠራር ዘዴ የመጨረሻው ዕቅድ አውጪ ሥራውን በእጁ የሚያሠራው ሰው እንዲሆን ይጠይቃል። ፎርማኑ ብረቱ፣ ሰዉ፣ ስዕሉ፣ ቀዳሚው ሥራ መኖሩን አይቶ «ይህን እችላለሁ፣ ይህን አልችልም» ይላል። አልችልም ማለት መብቱ ነው። ያልተፈጸመው ደግሞ «ለምን?» ተብሎ ምክንያቱ ይመዘገባል፤ «ማን?» ተብሎ አይደለም። ከመጠይቆቻችን ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ያለፈው ዓመት በትዝታ አይመዘንም፣ ያለፈው ሰኞ ትኩስ ሳለ ይጠየቃል።

እኛ ሳይት የሳምንቱ ስብሰባ ሰኞ ነው። ፎርማኑ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ ከግንበኝነት የተነሱ ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ «ሐሙስ ካስት እናደርጋለን» አለ፤ ሁላችንም ጻፍን። ስንወጣ ፎርማኑ በር ላይ ጠብቀው ጠሩኝ።

«ኢንጂነር፣ ሐሙስ እንኳ አይደርስም። የፌሮ ሠራተኞቹ ግማሾቹ ክፍያ ዘግይቶባቸው ሌላ ሳይት ገብተዋል።»

«ጋሼ፣ ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገሩም?»

«እዚያማ የተባለውን እሺ ማለት ነው እንጂ። ማን ይወድልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ሰውየው እውነታቸውን ነው፤ ከማይወዱላቸው አንዱ እኔ ነኝ። «አይደርስም» የሚል ሰው ስብሰባ ያስረዝማል፣ ቃለ ጉባኤ ያበላሻል፣ ለአሠሪው የምጽፈውን ሪፖርት ያከብድብኛል። «እሺ» የሚል ሰው ያስደስተኛል። ተቋራጭም ላይ እንዲሁ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ ቀይ መጽሐፍ የሚባለው የፊዲክ ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚያስጠይቀው ነገር ሲገጥመው ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። አንቀጹ የተጻፈው ችግር ገና ትንሽ ሳለ እንዲሰማ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ማሳወቂያ መጻፍ ጠብ መጫር ይመስላል። ተቋራጩ ግንኙነታችን እንዳይበላሽ ዝም ይላል፤ እኔም «ቅሬታ የማያበዛ ጥሩ ተቋራጭ» እያልኩ አመሰግነዋለሁ። ዝምታውን የሸለምኩት እኔው ነኝና፣ በመጨረሻ የካሳ ጥያቄው ክምር ሆኖ ሲመጣ የምደነቅበት መብት የለኝም።

ይህን ስል ችግሩ ሁሉ በእኔና በብጤዎቼ ጠባይ ውስጥ ነው ማለቴ አይደለም። ሲሚንቶ ጠፍቶ በኮታ ሲታደል የቆመ ሳይት በማንም ልብ ንጽሕና አይንቀሳቀስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ዋጋው በማይለወጥ ውል ውስጥ የነበረ ተቋራጭ ያጣውን ገንዘብ ማንም ፎርማን በጥሩ ዕቅድ አይመልስለትም። ነገር ግን ጥናቶቻችን በዚህ ዓይነቱ ታላቅ ምክንያት ሲሞሉ፣ ማንም ሰው በመጪው ሳምንት በእጁ ሊያስተካክለው የሚችለው ትንሹ ነገር ከሠንጠረዡ ግርጌ ይወድቃል። የማዝነው ለዚህ ነው። ዶላሩን እኔ አላወርደውም። ያቺን ፊርማ ግን በዚያው ጠዋት መፈረም እችላለሁ።

አሁን ከአንድ ተማሪዬ ጋር የተለየ መጠይቅ እያረቀቅን ነው። አሠሪ ስለ አሠሪ፣ አማካሪ ስለ አማካሪ፣ ተቋራጭ ስለ ተቋራጭ ብቻ እንዲመልስ፤ «ባለፈው ወር በአንተ እጅ የቆየው ምንድን ነው? ስንት ቀን ቆየ? ምን ፈርተህ?» ብለን ልንጠይቅ። ገና ሳንጀምር እንቅፋት አገኘን። አማካሪው «መልሴን 3 ሳምንት አዘግይቼዋለሁ» ብሎ ከጻፈ፣ በውሉ መሠረት ለተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያና የተጨማሪ ወጪ ማስረጃ ሰጠው ማለት ነው። የንስሐ አባት የሰማውን ለዳኛ አይናገርም፤ የእኛ መጠይቅ ግን ነገ በግልግል ጉባኤ ፊት ሊቀርብ ይችላል። የሕግ ሰው አማክረን የመላሹም የፕሮጀክቱም ማንነት ጨርሶ እንዳይታወቅ ለማድረግ እየሠራን ነው። እንደዚያም ሆኖ ስንት ሰው እንደሚመልስ አብረን እናያለን።

እስከዚያው እኔ በራሴ ጀምሬአለሁ። ከሳይት ጥያቄ የደረሰኝን ቀንና መልስ የሰጠሁበትን ቀን ጎን ለጎን እጽፋለሁ። በዚህ ወር ሪፖርት ላይም «አማካሪው መልስ ለመስጠት የወሰደው ጊዜ» የሚል አዲስ ዓምድ ጨምሬ፣ ሁሉንም ቀን እንዳለ ሞልቼዋለሁ። አለቃዬ ረቂቁን አይተው «ይህ ለአሠሪው መሄድ አለበት?» አሉኝ። መሄድ አለበት አልኳቸው። እስከ ዓርብ ላስብበት ብለዋል።